የቁራ ጫጩቶች ድርሻ

ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን ስትከፋፍል ከክረምቱ ላይ ቆርሳ ለቁራ ጫጩቶች ሰጥታለች። በነሐሴ የሚውለው ያ ክፍለ ጊዜ «ዕጓለ ቋዓት፣ ደስያት፣ ዓይነ ኵሉ» ይባላል፤ የቁራ ልጆች፣ ደሴቶች፣ የሁሉም ዓይን ማለት ነው። መነሻው ዳዊት ነው፤ እግዚአብሔር ለሚጮኹት የቁራ ጫጩቶች ምግባቸውን ይሰጣል ብሎ ዘምሯልና። አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ይህን ስም ገና በልጅነቴ በቃሌ ይዤዋለሁ። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ መቀሌ አይናለም በኩል ባለችው ግቢዬ ጎመንና ቆስጣ መትከል ስጀምር ግን ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ነሐሴ በአገራችን ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። ያምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ለምለም ነው፣ በገበያ ያለው ደግሞ ከኪስ በላይ ነው። አባቶቻችን ስለ ቁራ ልጅ ጩኸት እንድንዘምር ያደረጉት ጎተራው በሞላበት በጥር ሳይሆን የራሳችን ሆድ በሚጮኽበት ወር ነው።

ታዲያ ረሃብን በዓይኑ ባየ ከተማ፣ ከጓሮ አትክልት ላይ ለወፍ፣ ለትልና ለንብ ድርሻ መተው ጽድቅ ነው ወይስ ጥጋብ?

ይህን የጠየቁኝ መጽሐፍ ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው አይደሉም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አደይ»፣ እናቴ፣ የሚላቸው ጎረቤቴ ናቸው። ዘመኑ 2014 ዓ.ም.፣ ትግራይ በጦርነቱ የተከበበችበት ነበር። ባንክ ተዘግቷል፣ ደመወዝና ጡረታ ቆሟል፣ ስልክ የለም። ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ቀርቶ የሰው መድኃኒት እንኳ እንደልብ አይገባም። ግቢ ያለው ሁሉ የአበባውን መደብ ቆፍሮ ጎመን ተከለ። አደይ አጥሩን ተደግፈው ጓሮዬን ቃኙና፣ ጥግ ላይ ሳይነቀል የቀረውን አረምና ወፍ የጠቃቀመውን ቆስጣ አይተው፣ «ምነው ጓለይ፣ ሰው የሚልሰው የሚቀምሰው አጥቶ አንቺ ለወፍ ትተያለሽ?» አሉኝ። በቤታቸው የሚመግቧቸው የልጅ ልጆች ነበሯቸው። ለእኚህ እናት ጥያቄ የሚመጥን መልስ ያልያዘ ሰው ስለ ተፈጥሯዊ አትክልት አያያዝ ለመቀሌ ሰው ሊናገር አይገባውም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ መልሴን ከመሬቱ ልጀምር።

የግቢዬ አፈር ዋልካ ነው። ክረምት እግር ይይዛል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ከአይናለም ጉድጓዶች የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ በተራ እየጠበቅን፣ በሮቶና በጀሪካን እያጠራቀምን እንኖራለን። እንዲህ ባለ ቦታ እርቃኑን የተተወ አፈር የሞተ አፈር ነው። ስለዚህ መደቡን በደረቅ ሣርና በጭድ እጎዘጉዘዋለሁ፤ ቅጠል አላቃጥልም። ጉዝጓዙ ሥር እርጥበት ስለሚቆይ የመሬት ትል ይረባል፤ ትሉ ጉዝጓዙን ወደ ታች እየሳበ ይበላል፣ እኔ በዶማ ልከፍተው የማልችለውን ዋልካ እሱ ይከፍተዋል። አጥሬ እንደ ብዙው የመቀሌ አጥር የድንጋይ ካብ ነው። ክፍተቱን በሲሚንቶ እንድደፍነው ብዙ ሰው መክሮኛል፤ አልደፈንኩትም፤ እንሽላሊቶች የሚያድሩት እዚያ ነው። ጥጉ ላይ ያለው አረም ደግሞ አረም ብቻ አይደለም። አደይ አበባ አለ፣ መጭ አለ፣ ሳይለቀሙ ያበቡ ድንብላልና እንስላል አሉ። ከጎመኑም ጥቂት እግር ለዘር ብዬ ሳልቆርጥ እተዋለሁ፤ ቢጫ አበባው ሲፈነዳ ንቡ ከጧት እስከ ማታ አይለየውም።

ማዳበሪያዬ ብስባሽ ነው። ይህ የእኔ ግኝት አይደለም፤ ትግራይ ውስጥ የራሱ ታሪክ አለው። ከአድዋ አካባቢ የተገኙት የዕፅዋት ሊቅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር እና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ፣ በዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በኩል ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 በጥቂት መንደሮች የብስባሽ ሥራ አስጀመሩ። ገበሬው የራሱን ማሳ እየለካ አነጻጸረ፤ ብስባሽ የገባበት ማሳ ምርት የፋብሪካ ማዳበሪያ ከገባበት የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። አሠራሩን እኔም እንደዚያው ነው የምከተለው። በመስከረም፣ አረሙ ለምለም ሳለ፣ ደረቅ ጭድ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ እበት፣ ጥቂት አመድና አፈር በየተራ ይደረደራል፤ መሐሉ ላይ ዱላ ይተከላል። ዱላው ሲነቀል ከሞቀ ክምሩ እየሠራ ነው፣ ከቀዘቀዘና ከደረቀ ውሃ ወይም ማገላበጥ ይፈልጋል። ዶክተር ተወልደ እ.ኤ.አ. በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉ፣ በዓለም አቀፍ ድርድሮች ላይ ሕይወት ያለው ፍጥረት የማንም ኩባንያ ፓተንት ሊሆን አይገባም ብለው የተከራከሩ ሰው ነበሩ። ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2018፣ እሳቸው በ2023 አርፈዋል። በ2014 ዓ.ም. ማዳበሪያ ሲጠፋ እጅ ያላጠረው ገበሬ ካለ፣ ብስባሽ የለመደው እንደሚሆን አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ተባዩ ልምጣ፤ የአደይ ጥያቄ የሚነካው እሱን ነውና። ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲወጣ የሁሉም ሰው እጅ ወደ መርጫው ይሄዳል። ለአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ለተማሪዎቼ የማስረዳው ነገር ይህ ነበር፤ የክሽክሽ እንስቶች ያለ ወንድ ይራባሉ፣ ልጆቻቸውንም በሕይወት ይወልዳሉ፣ የተወለዱትም በቀናት ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ። ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ግን ዘግይታ ትመጣለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ እጮቿ እስኪያድጉ ጊዜ ይፈልጋሉ። መርዙ ሁለቱንም ከገደለ ፈጥኖ የሚመለሰው ክሽክሹ ነው፤ ያን ጊዜ ጠላት የለውም። ስለዚህ የተረጨ ጓሮ ሌላ መርጫ ይጠይቃል፣ ያም ሌላ። እኔ በጣም የተወረረውን ቅጠል ቆርጬ አወጣለሁ፣ በቀረው ላይ አመድ እነሰንሳለሁ ወይም በሳሙና ውሃ አጥባለሁ፣ ከዚያ እጠብቃለሁ። ጥንዚዛዋ ትመጣለች። ድንቢጧም እንዲሁ ናት። ሰላጣዬን ስትጠቃቅም ያየ ሰው ሌባ ይላታል፤ ጎጆዋ ውስጥ ላሉት ጫጩቶች ግን የምትወስደው በአብዛኛው ትልና አባጨጓሬ ነው። እህል በል የሆኑ ብዙ ወፎች እንኳ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ሥጋ ነው።

ይህን ሁሉ ለአደይ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ባሰብኩት ቁጥር መልሱ ጎዶሎ መሆኑ ይሰማኛል። ምክንያቱም ድንቢጧ ትል ስለምትለቅምልኝ፣ ጥንዚዛዋ ክሽክሽ ስለምትበላልኝ ብቻ የምተውላቸው ከሆነ፣ የሰጠኋቸው ደመወዝ እንጂ ድርሻ አይደለም። ሥራ የማይሠራልኝስ? የቁራ ልጅ ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ቁራ ጫጩት ይሰርቃል፣ የተሰጣ እህል ይበትናል፤ በተረታችንም ከኖኅ ተልኮ ያልተመለሰ መልእክተኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ከወፍ ሁሉ መርጣ ለእሱ ልጆች ወቅት ሰጠች። ጌታም በሉቃስ ወንጌል የማይዘሩትንና የማያጭዱትን ተመልከቱ ሲል የጠራው ቁራን ነው።

ወደ ኦሪት ስመለስ ያገኘሁት ነገር ከጥቅም ስሌት ይልቅ አጽናንቶኛል። በዘጸአት ምዕራፍ 23 ምድሪቱ በሰባተኛው ዓመት ትረፍ ይላል፤ በዚያ ዓመት ሳይዘራ የበቀለውን የሕዝቡ ድሆች ይብሉት፣ ከእነርሱ የተረፈውን የምድር አውሬ ይብላው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ድሃው ነው፣ ቀጥሎ አውሬው። የአደይ ጥያቄ በዚህ ሕግ ውስጥ ቦታ አለው፣ ያውም የመጀመሪያውን ቦታ። ድሃ ቆሞ እያየ ለወፍ የሚተው ሰው ሕጉን አፍርሷል። ሕጉ ግን እዚያ አያበቃም። ከድሃው በኋላ የሚመጣው ጎተራው አይደለም፣ ገበያው አይደለም፣ የባለ እርሻው ልብ ሙሉ እርካታም አይደለም፤ አውሬው ነው። በእኛ ዘመን የተሰረዘው ይህ ሁለተኛው መስመር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ የተሰረዘው የመጀመሪያው ነው። መሬቱን እስከ መጨረሻዋ ጥግ ለራሱ የሚያርስ ሰው ቃርሚያ ለድሃ አይተርፈውም፤ ለድሃ ያልተረፈው ደግሞ ለወፍ ከየት ይተርፈዋል? ሁለቱ የሚያጡት በአንድ ሰው ስስት ነው፤ እርስ በርሳቸው ባላንጣ አይደሉም።

ይህን ሐሳብ በማዶ በኩል ላሉት ሙስሊም ጎረቤቴ ስነግራቸው አልደነቃቸውም። ነቢዩ ሙሐመድ፣ አንድ ሙስሊም ተክሎ ከተከለው ላይ ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ ሆኖ ይጻፍለታል ማለታቸውን አጫወቱኝ። ከግቢያቸው ዘይቱን ላይ ጫፍ ጫፉን የማይለቅሙት ለዚህ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ፣ ሁለት ሃይማኖት ስለ አንዲት ወፍ እንዲህ ከተስማሙ፣ ነገሩ የእኔ ብቻ ስሜት አለመሆኑን እረዳለሁ።

በጥቅም ብቻ መለካት ምን እንደሚያደርስ ደግሞ ትግራይ በበለሷ አይታዋለች። በለስ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው፤ ዛሬ ግን ያለ እሱ ክረምታችንን ማሰብ አይቻልም። ለሰው ምግብ ነው፣ ለከብት ውሃና መኖ ነው፣ ለግቢ አጥር ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከእሱ ላይ ቀይ ቀለም የምትሰጥ ኮቺኒያል የተባለች ነፍሳት ወደ ደቡብ ትግራይ እንድትገባ ተደረገ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ቀለሙ በዓለም ገበያ ይሸጣል፣ ገበሬው ይጠቀማል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ነፍሳቷ በአገሯ የሚበሏት ጥንዚዛዎችና ሌሎች ጠላቶች ነበሯት፤ ወደዚህ ስትመጣ እነሱን ትታ መጣች። ነጭ ጥጥ የመሰለ ሽፋኗን ለብሳ ከበለስ ወደ በለስ ተስፋፋች፤ በራያ በኩል የበለስ ተራሮች ደረቁ። ነፍሳቷን አልወቅስም። በቦታዋ፣ ከባላንጣዎቿ ጋር ሳለች፣ መልካም ፍጥረት ናት። የጠፉት አብረዋት የተፈጠሩት ናቸው። ፈጣሪ በዘፍጥረት ምዕራፍ አንድ መጨረሻ ላይ እጅግ መልካም ያለው አንድ አንዱን ለይቶ ሳይሆን ያደረገውን ሁሉ በአንድነት አይቶ ነው።

የሚቃወመኝ ሰው አንበጣን ያነሳብኛል፤ ማንሳቱም ተገቢ ነው። በ2013 መባቻ፣ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ የአንበጣ መንጋ በራያና በሌሎች የትግራይ ወረዳዎች ማሳ ላይ ወርዶ ነበር፤ ሰው በጅራፍ፣ በጩኸት፣ በጭስ ተጋደለው። ለአንበጣ መንጋ ድርሻ ተዉለት የሚል ሃይማኖት የለም፤ እኔም አልልም። አይጥንም ከጎተራዬ አባርራለሁ፣ ምስጥንም ከቤቴ ምሰሶ። ድርሻ ማለት ወሰን ያለው ነገር ነው፤ ሁሉን የሚወስድ ድርሻውን አልወሰደም። ይህ ፍርድ ለአንበጣ ከሠራ ግን ለሰውም ይሠራል።

ዮናስን በጾመ ነነዌ በየዓመቱ እናነበዋለን፤ ስለ ጓሮ የሚናገር መጽሐፍ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም። እግዚአብሔር ለዮናስ ጥላ የሚሆን ተክል አበቀለ፤ በማግሥቱ ተክሉን የሚበላ ትል ያዘዘውም ራሱ ነው። ዮናስ ስላልደከመበትና ስላላሳደገው ተክል እስከ ሞት ተቆጣ። መጽሐፉ የሚዘጋው በእግዚአብሔር ጥያቄ ነው፤ በነነዌ ስላሉት ከመቶ ሃያ ሺህ ስለሚበልጡ ሰዎች ላላዝን ይገባኛልን ይላል፤ በዚያው ጥያቄ ውስጥ፣ በመጨረሻው ቃል፣ እንስሶቹንም ይጨምራል። የተራበና የተፈረደበት ከተማ ሲቆጠር እንስሶቹ አብረው ተቆጥረዋል። ከመቀሌ ከበባ በኋላ ይህን ምዕራፍ ሳነብ እንደ ድሮው ላልፈው አልቻልኩም።

በዚያን ጊዜ ነዳጅና ጋዝ ሲጠፋ ሰው ለማገዶና ለከሰል ዛፍ ቆረጠ። በማንም ላይ አልፈርድም፤ ልጁ ጥሬ እህል ይዞ የሚያለቅስበት አባት ምን ያድርግ? ግን ያጣነውን ማወቅ አለብን። ለዓመታት ተከልሎ ያገገመ ኮረብታ ተራቁቷል። ትግራይ እኮ በረሃማነትን በመከላከል ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም አቀፍ የፖሊሲ ሽልማት ወርቅ ያገኘች ምድር ናት፤ ከውቅሮ ወዲያ ያለው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደርም እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማት ተሸልሟል። እዚያ ገበሬው በማሳው መሐል ሞሞና የሚባለውን ዛፍ ያኖራል። ይህ ዛፍ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለሰብሉ ፀሐይ ይለቃል፣ በበጋ ለምልሞ ለከብት ጥላ ይሆናል፣ አፈሩንም ያዳብራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው በራሱ ነው፤ ከሰው የሚጠበቀው ማረሻውን ዞር ማድረግ ብቻ ነው። ኦሪት ዘዳግም ከተማ በከበባችሁ ጊዜ እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ አትቁረጡ የሚል ሕግ አለው። ሕጉ የተነገረው ለከበበው ጦር ነው፤ ለተከበበው የታዘዘው ነገር የለም። እኔ ይህን የማነበው እንደ ርኅራኄ ነው። አሁን ግን ከበባው አልፏል፤ እንግዲህ የመትከሉም የመተውም ሸክም በእኛ ላይ ነው።

በቤቴ ግድግዳ ላይ፣ እንደ ብዙ ክርስቲያን ቤት፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል አለ። አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸዋል፤ አንዲት የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ዝክራቸውን የሚዘክር ሰው ሁሉ ይህን ሥዕል ያውቀዋል። ጻድቁ በዚያች ሰዓት ማሳ አልነበራቸውም፣ ጎተራም፤ የነበራቸው እንባ ነው፤ ለወፏ የሰጡት እሱን ነው። አደይ ይህን ሥዕል አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩትና ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እሺ ጓለይ፣ ግን መጀመሪያ ለልጆቹ» አሉኝ። በዚህ እኔና እሳቸው ተስማማን። ጎመኑን ሳለቅም የመጀመሪያው ዘንቢል ወደ እሳቸው በር ይሄዳል፤ ጥጉን ግን አልነካውም።

ግቢ ያላችሁ የመቀሌ ሰዎች፣ የሌላም ከተማ ሰዎች፣ እለምናችኋለሁ። መርጨት ግድ ቢሆንባችሁ እንኳ አበባ በያዘ ተክል ላይ፣ ንብ በተሰማራችበት ሰዓት አትርጩ፤ ከከተማው ዙሪያ ያሉት ቀፎዎች የድሃ ሰው ንብረት ናቸው። በሚያዝያና በግንቦት፣ ምድር በምትደርቅበት ጊዜ፣ በሰፊ ሳህን ውሃ አድርጋችሁ ንቦቹ እንዳይሰምጡ ጠጠር ጨምሩበትና ከጥላ ሥር አኑሩት። የተቸገረ ጎረቤት ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ። በመስከረም መደባችሁን ስታጸዱ ደግሞ አንዲት ጥግ ሳትነቅሉ ተዉ።